ማጀቱን የምታውቀው አያቴ ናት

ሰሞኑን ስለ ድሮ የገጠር እናቶች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ብዙ ሰው ሲቀባበለው ሰንብቷል። ለእኔ የላኩልኝ ሦስት ወዳጆቼ ናቸው፤ ሦስቱም «አያትሽን አስታወሰን» ብለውኛል። ጸሐፊው ከ90 ዓመት በላይ ኖረው ያረፉ አንዲት የገጠር እናት ቀብር ላይ ውለው ሲመለሱ የተሰማቸውን ነው የጻፉት። ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ የድሮዋ እመቤት ቤቷ ተቀምጣ ባሏ ያመጣውን እያበሰለች፣ ንጹሕ አየር እየተነፈሰች፣ ያልተበረዘ ምግብ እየበላች፣ ጭንቀት ሳያውቃት፣ ፊደል ሳያምራት፣ ለባሏ ቃል ሳትመልስ ረጅም ዕድሜ ኖረች። የዛሬዋ ሴት ግን ትምህርትና ቢሮ ብላ ወጥታ ትዳሯንም ጤናዋንም አጣች። ስለዚህ ወደ እናቶቻችን ኑሮ እንመለስ።

ጽሑፉ በክፋት የተጻፈ አይደለም። ሟቿን እንደሚያከብሯቸው ያስታውቃል። ያስቸገረኝ፣ ያከበሯቸው ያልኖሩትን ኑሮ ሰጥተዋቸው መሆኑ ነው።

እኔም የማከብራት አያት ነበረችኝ። በ2014 ዓ.ም. ስታርፍ ቤተሰቡ እንደሚያሰላው 92 ዓመቷ ነበር። ጣሊያን በ1928 ሲገባ ግልገል የምትጠብቅ የስድስት ዓመት ልጅ እንደነበረች ትናገር ስለነበር ሒሳቡ የሚነሳው ከዚያ ነው። የመንዝ ሰው ናት። ዘጠኝ ወልዳ አምስት አሳድጋለች። ከልጆቿ እስከ ልጅ ልጅ ልጆቿ ድረስ ማን ማንን እንደሚያገባ፣ የማን በሬ እንደሚሸጥ፣ ማን ከማን እንደሚታረቅ ያለ እሷ ቃል አይወሰንም ነበር። ልጅነቴን ያሳለፍኩት ምድጃዋ ዳር ነው፤ ዛሬ ነርስ ነኝ። ጸሐፊው ያነሷቸውን ነጥቦች በተራ የምመልሰው በእነዚህ በሁለቱ ምክንያት ነው።

እመቤቲቱ ቤቷ ተቀምጣ ባሏ ያመጣውን ታበስል ነበር ከሚለው ልጀምር። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ የቀረው ስህተት ሁሉ የሚፈልቀው ከዚህ ነውና።

የአያቴ አገር፣ የመንዙ መሐል ሜዳ አካባቢ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3000 ሜትር ከፍ ያለ፣ ብርዱ የሚጠና፣ ሰው በገብስና በበግ የሚኖርበት፣ ዛፍ የተራቆተ አገር ነው። ልጅ ሳለሁ ወፍጮ ቤት የግማሽ ቀን መንገድ ስለነበር የዘወትሩ እህል የሚፈጨው እቤት ነበር። አያቴ የምትነሳው ዶሮ ሳይጮህ ነው። ገብሱ ከዋዜማው ተፈትጎ፣ ተሰጥቶ፣ በሰፌድ ተበጥሮ ያድራል። ወፍጮው ላይ አጎንብሳ መጁን ስትገፋ የሚሰማው ድምፅ የእኛ የልጆቹ እንቅልፍ ነበር፤ የምንነቃው ድምፁ ሲቋረጥ ነው። የመዳፏ ግርጌ እንደ ተረከዝ ጠጥሮ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ መርፌ ልወጋት ክንዷን ስይዝ የ80 ዓመት አሮጊት ሳይሆን የአንድ ሸክም ሠራተኛ ክንድ የያዝኩ መሰለኝ።

ከወፍጮው ቀጥሎ ውኃ ነው፤ እንስራውን አዝሎ ቁልቁል ወርዶ ዳገት መውጣት። ከዚያ እበት። በእኛ አገር ማገዶ ማለት ኩበት ነው። እበቱ በእጅ ይለወሳል፣ ይጠፈጠፋል፣ ፀሐይ ይመታዋል፣ ለክረምት ይከመራል። ሰኔ ሳይገባ ኩበቷን ያልከመረች ሴት ሐምሌንና ነሐሴን በባዶ ምድጃ ልታሳልፍ ነው። አያቴ በሐምሌ ጭቃ አረም ስታርም፣ በአጨዳ ጊዜ ነዶ ስትሸከም፣ በበጋ ከገበያ ገበያ ስትመላለስ አይቻለሁ። እግሯን ዘርግታ ያረፈችበትን ቀን አስታውሳለሁ ለማለት ግን ብዙ ማሰብ ይኖርብኛል። ቁጭ ካለችም እንዝርቷ እጇ ላይ ነው። የመንዝን ባና የሚሸምነው ወንድ ነው፤ የበጉን ፀጉር አጥባ፣ ለይታ፣ ፈትላ ለሸማኔው የምታደርሰው ግን ሴቲቱ ናት። ያለ እሷ ልቃቂት ሸማኔ ባዶ እጁን ይቀመጣል።

ስለ ደቦም ጸሐፊው አንድ ነገር ዘንግተዋል። ደቦ የሚጠራው ባል ነው፤ የሚከፍለው ግን የሚስት ጋን ነው። ጌሾው ተወቅጦ፣ ብቅሉ በቅሎ፣ አሻሮው ታምሶ፣ ጠላው በልኩ ፈልቶ ካልቆየ አጫጁ አይመጣም። ቢመጣም በዓመቱ አይደገምም። የአያቴ ጠላ የታወቀ ስለነበር የባሏ ማሳ ሰው አጥቶ አያውቅም። ጎረቤት ይህን «የባልየው ደግነት» ይለው ነበር። አያቴ ስትሰማ ፈገግ ትልና ወደ ጋኗ ትመለሳለች።

እህሉ ጎታ ከገባ በኋላ ቁልፉ የእሷ ነው። ለዘር የሚቀመጠው፣ እስከ መስከረም ቤተሰቡን የሚያደርሰው፣ ለማኅበርና ለሰንበቴ የሚወጣው፣ ለእንግዳ የሚተርፈው እያለች በቁና ሰፍራ ትለየዋለች። መጻፍ ሳትችል ያካሄደችው ሒሳብ ነው። አንድ ወር ብትስት ቤቱ ይራባል።

አማርኛችን እንኳ ከጸሐፊው ይልቅ ይህን ያውቃል። ሚስትን «ባለቤቴ» እንላለን። በመንደራችን «ባለሙያ ናት» ከተባለ ስለ ሴት እንጂ ስለ ቢሮ ሠራተኛ አልነበረም። ባል የሞተባትን ወይም ራሷ ቤት የምትመራውን ሴት እማወራ የሚል የራሷ ስም ሰጥተናታል። የትምህርት ቤት ቅጽ ላይ ግን ልጆቿ «የእናት ሥራ» በሚለው አንጻር «የለም» ብለው ሲጽፉ ኖረዋል። እኔም ጽፌያለሁ፤ ዛሬም ያሳፍረኛል።

የአገሮችን ምርት የሚለኩ ሰዎችም ሳይቀሩ በዚህ ነገር ከጸሐፊው ጋር አይስማሙም። የተባበሩት መንግሥታት የብሔራዊ ሒሳብ ሥርዓት እህል መፍጨትን፣ ውኃ መቅዳትን፣ ማገዶ መልቀምን፣ መፍተልንና መጠጥ መጥመቅን ለገዛ ቤት ፍጆታ ቢሆኑም ምርት ብሎ ይቆጥራቸዋል። ምግብ ማብሰልን፣ ልጅ ማሳደግንና ሕመምተኛ ማስታመምን ግን ያስቀራል። ስለዚህ አያቴ ሌሊት የፈጨችው ዱቄት በሒሳቡ አለ፤ ጠዋት ያበሰለችው ወጥ የለም። የዓለም ሥራ ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት በዓለም ላይ በየቀኑ 16.4 ቢሊዮን ሰዓት ለእንዲህ ዓይነቱ ያልተከፈለበት ሥራ እንደሚውል፣ ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነውንም ሴቶች እንደሚሠሩት ገምቷል። ይህን ሁሉ «ቤት መቀመጥ» ማለት ለሰው ይከብዳል።

ወደ ንጹሑ አየር ልለፍ። የደጁ አየር ንጹሕ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። አያቴ አብዛኛውን ዕድሜዋን የተነፈሰችው ግን የምድጃውን አየር ነው። መስኮት በሌለው ቤት ኩበት ሲነድ ምን ዓይነት ጭስ እንደሚወጣ ያየ ሰው ስለ ገጠር እናት ሳንባ እንዲህ አይጽፍም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የቤት ውስጥ ጭስ በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ወደ 3.2 ሚሊዮን ሰው ገድሏል። የአያቴ ሳል የቤታችን ሰዓት ነበር፤ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሳለች ጠዋት እንቆጥራለን።

ዓይኗ ከሳንባዋ የባሰ ነበር። በአንገቷ ከማተቧ ጋር የምታንጠለጥላት ትንሽ ወረንጦ ነበረቻት። እኔ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ሥራዬ ከሰዓት በኋላ ደጅ ብርሃን ላይ አስቀምጫት፣ ወደ ውስጥ ዞረው ብሌኗን የሚወጉትን የሽፋሽፍት ፀጉሮች በዚያች ወረንጦ መንቀል ነበር። «ያቺን... ከጥጉ ያለችውን» ትለኛለች፣ እንባዋ እየወረደ። ስነቅልላት ለሁለት ሳምንት እፎይ ትላለች፤ ፀጉሩ ተመልሶ ሲበቅል ደግሞ ከቀድሞው ይወጋል። ስሙ ትራኮማ እንደሚባል የተማርኩት ነርስነት ስማር ነው። በሽታው ተላላፊ ነው፤ ሴቶች ቀኑን ሙሉ ከሕፃናት ጋር ስለሚውሉ በትራኮማ ዓይናቸውን የማጣት ዕድላቸው ከወንዶች እስከ አራት እጥፍ ይደርሳል። አያቴን ከመታወር ያዳናት የገጠሩ አየር አይደለም። ከ70 ዓመቷ በኋላ ጤና ጣቢያ ሄዳ የዓይን ቆቧን በቀላል ቀዶ ሕክምና ያስተካከሉላት ሰዎች ናቸው።

ስለ ያልተበረዘው ምግብ ብዙ አልልም። ምግቡ ንጹሕ ነበር፤ የእሷ ድርሻ ግን የድስቱ ጥራጊ ነበር። እንግዳ ይበላል፣ ባል ይበላል፣ ልጆች ይበላሉ፤ ከዚያ እሷ የተረፈውን ታጣጥማለች።

ከዚህ ሁሉ በላይ ጸሐፊው ቀብር ላይ የቆሙት በሕይወት የቀረችውን ሴት ለመሸኘት መሆኑን ማስተዋል ነበረባቸው። የድሮ እናት ሁሉ ዘጠና ዓመት የኖረች የሚመስለው ያልኖረችውን የሚያስታውሳት ሰው ስለሌለ ነው። አያቴ ግልገል አብረዋት ይጠብቁ የነበሩ ሰባት ልጃገረዶችን በስም ትጠራቸው ነበር። ሁለቱ በወሊድ ሞቱ። አንዷ ቆላ ወርዳ በንዳድ አለፈች። አንዷን ምን እንደገደላት ያወቀ የለም። በ1940ዎቹ በኢትዮጵያ አማካይ የመኖር ዕድሜ 40 ዓመት አይሞላም ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ እንደሚሞቱ አሳይቷል፤ በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 412 ወርዷል። አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱ ሕፃናትም በዚያው ጊዜ ከ1,000 ከ166 ወደ 67 ዝቅ ብለዋል። አያቴ ከቀበረቻቸው ልጆች ሁለቱን የወሰደው ኩፍኝ ነው፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ። በሀገራችን የክትባት ፕሮግራም የተጀመረው በ1972 ነው፤ ለእነሱ አልደረሰም። ወደዚያ ኑሮ እንመለስ የሚል ሰው እነዚህን ቁጥሮች ይዞ እንደሚመለስ ይወቀው።

እንግዲህ ጭንቀት አልነበረም የሚለው። ይህን አንቀጽ ሳነብ ጽሑፉን አስቀምጬ ደጅ ወጣሁ።

በ1977 ድርቁ ሰሜን ሸዋንም ሲመታ አያቴ ለዘር የሚሆን ገብስ በማሰሮ አድርጋ፣ አፉን በእበት መርጋ፣ ከጎታው ሥር ቀበረችው። ለማንም አልተናገረችም፤ ለባሏም። ልጆችና የልጅ ልጆች በረሃብ ሲያለቅሱ እሷ ከዚያ ማሰሮ በላይ በተነጠፈው አጎዛ ላይ ትተኛ ነበር። ዝናብ ሲመለስ ቆፍራ አወጣችው፤ በመንደሩ ዘር የነበረው ቤት ከእጅ ጣት አይበልጥም። እናቴ ይህን ስትነግረኝ፣ አያቴ በዚያ ዓመት ፀጉሯ ሙሉ በሙሉ እንደነጣ ጨምራ ነግራኛለች። ያኔ 55 ዓመቷ ነው።

ከዚያ የመጨረሻ ወንድ ልጇ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። በግንቦት 1983 የተበተነው ሠራዊት በየመንገዱ እየለመነ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ አያቴ እስከ ጣርማ በር ሄዳ የደሴው መንገድ ዳር ሦስት ቀን ቆመች። ከቆሎ አቁማዳዋ ለሚያልፈው ወታደር ሁሉ እፍኝ እፍኝ እየዘገነች የእያንዳንዱን ፊት አየች። ልጇ አልመጣም። መርዶም አልመጣም። መርዶ ካልመጣ ለቅሶ የለም፤ ለቅሶ ከሌለ ተዝካር የለም። ስለዚህ እስክታርፍ ድረስ 31 ዓመት ሙሉ ተዝካሩን አላወጣችለትም፣ ስሙንም ከሙታን ጋር አላስጠራችም። ይህች ሴት ጭንቀት አታውቅም የሚለኝ ማን ነው? ጭንቀቷን ለእንግዳ አላሳየችም፤ ያ ሌላ ነገር ነው።

ፊደል አላማራትም የሚለው በአጭሩ ይመለሳል። ሐምሌ 1 ቀን 1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ አያቴ ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ነበር። ትምህርቱ በመንደራችን የሚሰጠው ከሰዓት በኋላ ነው፤ እሷ የልጅ ልጅ አዝላ፣ እንዝርቷን ይዛ ትሄድ ነበር። ማታ ማታ ምድጃው አጠገብ ባለው ግድግዳ ላይ በከሰል «ሀ ሁ» ስትጽፍ ባሏ ግድግዳውን አበላሸሽው ብሎ ተቆጥቷት እንደነበር እናቴ ትስቅበታለች። ስሟን መጻፍና ዳዊት በዝግታ ማንበብ ቻለች። ያላማራት ሳይሆን ያልደረሳት ነበር። ሲደርሳት ለቀም አደረገችው።

ለባሏ ቃል አትመልስም ነበር፣ ትዳሩም የጸናው በዚህ ነው፤ ይህን ለመደገፍ ጸሐፊው «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት ጠቅሰዋል። ተረቱ አለ። ኑሮው ግን በተረቱ ልክ አልነበረም።

በመጀመሪያ ያ ሁሉ ትዳር ጸንቷል የሚለው አሳብ ከየት እንደመጣ አላውቅም። በደጋው አማራ አገር ፍቺ የዘወትር ነገር ነበር፤ በልጅነት የተደረገ የመጀመሪያ ጋብቻ ብዙ ጊዜ አይዘልቅም። አያቴ ራሷ ሁለት ጊዜ አግብታለች። የተዳረችው በ12 ዓመቷ ነው። በዚህ ከዘመኑ አልተለየችም። በ1997 ዓ.ም. የተደረገው ጥናት እንኳ በአማራ ክልል ግማሾቹ ሴቶች የተዳሩት 15 ዓመት ሳይሞላቸው እንደነበር ያሳያል። ዓመት ከመንፈቅ በአማቷ ቤት ከቆየች በኋላ አንድ ሌሊት በእግሯ ጠፍታ ወላጆቿ ቤት ገባች። ሁለት ጊዜ መለሷት፤ ሁለት ጊዜ ጠፋች። በሦስተኛው አባቷ «ይብቃት» አለ። የእናቴን አባት ያገባችው ከዚያ በኋላ፣ በ18 ዓመቷ፣ በሰማንያ ነው። ይዛ የገባችው ጊደርና በግ በምስክር ፊት ተቆጥሮ ነበር፤ ቢለያዩ ድርሻዋን ይዛ ትወጣለች። ጸሐፊው ዝምታ ያሉት ነገር ሥሩ ይህ ነው፦ መውጣት የምትችል ሴት ስለነበረች ባሏ ነገር ሲያነሳ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር።

ደግሞ ባሏ ያመጣው የሚባለው መሬት የማን ነበር? በእኛ አገር ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠራል። ባሏ ያረሰው ትልቁ ማሳ አያቴ በእናቷ በኩል የወረሰችው ነው። እርግጥ ነው፣ ሞፈር የሚጨብጠው ወንድ ስለሆነ ባል የሌላት ሴት መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታ የምርቷን ግማሽ ታጣለች። አያቴም ባሏ በ1981 ሲሞት ይህ ደርሶባታል። ስለዚህ እኩል ነበሩ አልልም። ባዶ እጇን ነበረች የሚለውን ግን አልቀበልም።

መታዘዝ ባህል ብቻ ነበር የሚሉትም ትክክል አይደለም፤ ሕግም ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ ሚስት በሕጋዊ ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው ይደነግጋል። ባልየው አሽከር ማቆም ካልቻለ የቤቱን ሥራ እሷው ልትሠራ እንደሚገባትም ይናገራል። ይህ የተቀየረው በ1992ቱ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ፣ በእኛ ክልል ደግሞ በ1995 በወጣው የክልሉ ሕግ ነው። በየካቲት 1967 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅም ፆታ ሳይለይ መሬት ይሰጣል ቢልም፣ ገበሬ ማኅበሩ ሲመዘግብ የጻፈው አባወራውን ነበር። የአያቴ የእናቷ ርስት በዚያ ቀን በባሏ ስም ሆነ። ምን አለች ብዬ እናቴን ጠይቄያታለሁ። «ምንም አላለችም፤ ለሳምንት ግን ወጡ ጨው አልነበረውም» አለችኝ።

በ1990ዎቹ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መሰጠት ሲጀምር በአማራ ክልል የባልም የሚስትም ስምና ፎቶግራፍ አብሮ እንዲገባ ተደረገ። አያቴ ያኔ ባሏ የሞተባት እማወራ ነበረች፤ ደብተሩ ላይ የተለጠፈው የእሷ ፎቶ ብቻ ነው። በዕድሜዋ የተነሳችው የመጀመሪያ ፎቶግራፍ እሱ ነበር። ለዚያ ቀን ነጠላዋን አጥባ፣ ራሷን ተቀብታ ሄደች። የጣት አሻራ እንድታደርግ ቀለም ሲያቀርቡላት እጇን ሰብስባ «ብዕር አምጡ» አለች። በ1971 የተማረችውን ስሟን ጻፈች፤ ሦስት ደቂቃ ፈጀባት፤ ከኋላዋ ሰልፍ የያዘው ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ጠበቃት። ደብተሩን በጨርቅ ጠቅልላ ሙዳይ ውስጥ ታኖረው ነበር። እንግዳ ሲመጣ ከማሳየቷ በፊት እጇን ታጥባለች።

ጸሐፊው እቴጌ ጣይቱንም በባልትናቸውና ከባላቸው ኋላ በመቆማቸው ምሳሌ አድርገዋቸዋል። ባልትናቸው የታወቀ ነው። ግን እቴጌይቱ የውጫሌን ውል 17ኛ አንቀጽ ተቃውመው በንጉሡ ፊት የተናገሩ፣ በ1888 የመቀሌው ምሽግ ሲከበብ ጠላት የሚጠጣውን ውኃ ያስያዙ ሴት ናቸው። የአድዋ ጦር ስንቅ የተፈጨው፣ የተጋገረውና በጀርባ የተጓዘው በሴቶች ነው። ማጀትን ከአደባባይ ለይቶ ለማሳየት ጣይቱን መጥራት አይሆንም።

ጸሐፊው ልክ የሆኑበት ቦታ አለ፤ እሱን ብዘለው እኔም አጥፊ እሆናለሁ። እነዚያ እናቶች ብቻቸውን አላረጁም ይላሉ። እውነት ነው። አያቴ መጨረሻ ላይ ቆብ ጭና እማሆይ ስትባል አንድም ሌሊት ብቻዋን አላደረችም። ጠዋት ጎረቤት ሳይጠይቃት ቡና አልተፈላም። ሆስፒታል ውስጥ ጠያቂ የሌላቸው አረጋውያን እመለከታለሁና ይህ ምን ያህል እንደሚያድን አውቃለሁ። ለ92 ዓመቷ ምክንያት ስጪ ብባል ይህንን ከጠንካራ አካሏ፣ ከዕድሏ፣ ከዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምናውና ዘግይቶም ቢሆን ከደረሰው ጤና ጣቢያ ጋር አብሬ እቆጥረዋለሁ። ነገር ግን ይህን ጎረቤትነት ያመጣው ሴት ከትምህርት መቅረቷ አይደለም። አያቴ ሰባ ዓመት ሙሉ የሰው አራስ አርሳ፣ የሰው ሬሳ አጥባ፣ በሰው ለቅሶ ቆሎ ቆልታ የሠራችው ነው። ወንዶችም ሊሠሩት ይችላሉ።

የቀረው ጸሐፊው የደመደሙበት ነው፤ እነዚያ እናቶች ቢጠየቁ ሴት ልጆቻቸው ወደ እነሱ ኑሮ እንዲመለሱ ይመክሩ ነበር የሚለው። አያቴ ተጠይቃለች፤ እኔም ነበርኩ።

በ1998 ዓ.ም. ነው። የአክስቴ ልጅ 14 ዓመቷ፣ 8ኛ ክፍል ነበረች። ሦስት ሽማግሌዎች ለሀብታም ገበሬ ልጅ ሊጠይቋት አያቴ ቤት መጡ፤ ጉዳያቸው ሳይሰማ እንደማይቀመጡ ተናግረው እደጃፉ ቆሙ። አክስቴና ባሏ ወደ አያቴ ዞረው አዩ። አያቴ ከምድጃው ሳትነሳ «ልጆቼ፣ ቁጭ በሉ፤ ቁማችሁ አትደክሙ» አለቻቸው። «ለትዳር የደረሰች ልጅ የለችንም። ያለችን ተማሪ ናት።» ከመካከላቸው አንጋፋው በትሕትና ጎንበስ ብለው «እማሆይ፣ ቢማሩም ባይማሩም የሴት ልጅ መጨረሻዋ ያው ማጀት ነው» አሉ።

አያቴ ጭሱን በእጇ ገፋ አድርጋ ቀና አለች። «ማጀቱን እኔ አውቀዋለሁ። ሰባ ዓመት ኖሬበታለሁ። እናንተ ገብታችሁ ታውቃላችሁ?»

የመለሰ አልነበረም። ጠላ ቀረበላቸው፤ ጠጥተው፣ ቤቱን መርቀው ሄዱ። ልጅቱ የዚያን ዓመት ፈተና አለፈች። ዛሬ በዚያው ወረዳ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። በመጨረሻዎቹ ዓመታት አያቴን በየሳምንቱ እየመጣች የደም ግፊቷን ትለካላት የነበረችው እሷ ናት።